የተኳሹ ውሃ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ተኳሽ ነኝ» ይላል። ለሙያው ሌላ ስም አያውቅም። ላውንደሪው ውስጥ አጣቢ አለች፣ ማሽን የሚጠብቅ አለ፣ ፊት ለፊት ቆማ ልብስ የምትቀበል አለች፤ ተኳሽ ግን እሱ ብቻ ነው። ጠዋት በጓሮው በር ሲገባ አጣቢዋ አረፋ የለበሱ እጆቿን ወደ ላይ ትሰቅልና፣

«ኧረ ተኳሹ መጣ! አትግደለኝ ወንድሜ፣ የልጆች እናት ነኝ!» ትለዋለች።

«ዛሬ ጥይት ረስቼ መጣሁ» ይላታል እሱ ኮቱን እየሰቀለ።

«ሁልጊዜ ጥይት ረስቼ መጣሁ! እንዴት ያለህ አልጫ ሰው ነህ አንተ? ሌላ መልስ ጠፋ?»

ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል። ሁለቱም ግን አንድም ቀን አላስታጎሉትም። ከዚያ በኋላ እሷ ወደ ማሽኖቿ ጩኸት፣ እሱ ወደ ካውያው ይገባሉ። ከሰው አፍ የሰማው ነገር ይህችው ብቻ ሆና የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

የመተኮሻው ክፍል ጠባብ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት በእንፋሎት ስለምትታፈን ውጭው ዝናብ ይሁን ፀሐይ አይለይም። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ በላዩ አቡጀዴ ተወጥሯል። ሸሚዝ ሲይዝ ከኮሌታው ይጀምራል፤ ያውም ከጫፍና ከጫፍ ወደ መሃል። ከመሃል የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ ጫፉ ላይ ትንሽ እጥፋት ትቀርበታለች፣ ያቺ እጥፋት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የለባሹ አገጭ ሥር ተቀምጣ ታሳጣዋለች። ከኮሌታው ትከሻ፣ ከትከሻው እጅጌ፣ ጀርባው መጨረሻ ነው።

ፊታቸውን የማያውቃቸውን ሰዎች በልብሳቸው ያውቃቸዋል። ይኼኛው ቀኝ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚውል ነው። ያቺ ትከሻዋ ላይ የወተት ጠብታ አለ፣ ወልዳለች ማለት ነው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል በሆዱ። ያኛው ሰሞኑን ከስቷል፤ ቀበቶ ያረፈበት መስመር ወደ ውስጥ እየገባ መጥቷል። እጥፋትም ዓይነት ዓይነት አለው። የተቀመጡበት ሌላ፣ የተኙበት ሌላ፣ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ሌላ። በእጅ ተጨብጦ የተጨማደደ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ይበተናል። እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ማን ተናዶ ይሆን፣ ማንስ አልቅሶ ይሆን እያለ በቀስታ ያቃናዋል። መንገድ ላይ አንዳንዴ ከፊቱ የሚሄድ ሰው ሸሚዝ አይቶ ልቡ ድንግጥ ይላል። ይሄማ የኔ ነው ይላል። ሰውየው ግን ዞር ብሎ ቢያየው አያውቀውም።

በወጣትነቱ ታሞ ነበር። ከጆሮው ውስጥ ይሁን ከግድግዳው ኋላ ሳይለይ የሚያናግሩት ሰዎች መጡበት። «እነዚያ» ይላቸዋል፣ ሌላ ስም አላወጣላቸውም። ይሰድቡታል፣ ያዙታል፣ አልፎ አልፎም ያስቁታል። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ትልቅ ግቢ አስገቡት፣ በሩ በውጭ በኩል ከሚቆለፈው። ሚስቱ መጀመሪያ በየሳምንቱ መጣች፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ ቀጥሎ ቀረች። ሲወጣ በቤቱ መስኮት ላይ የሌላ ሰው መጋረጃ ነበር። ደጁ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ መጋረጃው አለመተኮሱን አይቶ፣ ተመለሰ።

ያስጠጋችው ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖር ነበርና ከቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀችለት። እትዬ ይላታል። ክፉ አይደለችም፤ እንደሷ ያለ እህት ከየት ይመጣል። ግን ያኔ በሕመሙ ወራት እነዚያ ጮኸውበት፣ እነሱን ብሎ የወረወረው በርጩማ ከእሷ ጆሮ አጠገብ ግድግዳ መትቶ ወድቋል። አልነካትም። ስለዚያ ቀን ሁለቱም አንስተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን እትዬ የክፍሉን ደፍ አልፋ ገብታ አታውቅም። ምግቡን ከደፉ ላይ ታቀብለዋለች፣ ወሬውንም ከደፉ ላይ ታወራውና ትሄዳለች። በርጩማው አሁንም አልጋው አጠገብ አለ፣ አንድ እግሩ የተጠገነ።

እነዚያን ዝም ያሰኛቸው ኪኒኑ ነው። ኪኒኑን ይወደዋል። ቢሆንም ማንም ያልነገረው ነገር ነበር፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ። ክፉ ጎረቤት ቤት ለቆ ሲሄድ ግቢው እንዴት እንደሚሰፋ፣ ማታ ማታ የራስ እግር ኮቴ እንዴት እንደሚሰማ የኖረበት ያውቀዋል።

ታዲያ የድሮው ኪኒን እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር። የተኳሽ እጅ ከተንቀጠቀጠ ነገር አለቀ። የአንዱን እጅጌ ካበላሸ በኋላ ለክትትል ሲሄድ ለሐኪሙ ነገረው፣ ሐኪሙም ኪኒኑን ቀየረለት። አዲሱ እጁን አረጋለት። አፉን ግን አደረቀው።

«እትዬ፣ አፌ ጥጥ ሆነብኝ» አላት አንድ ጠዋት።

«መድኃኒት ነዋ! መድኃኒት በባዶ አፍ ይዋጣል እንዴ? ውሃ ጠጣበት። ውሃ ኩላሊትህን ያጥብልሃል። እኔን ግፊቱ ሲጀምረኝ ጨው ተዪ፣ ውሃ ጠጪ ነው ያሉኝ፤ ይኸው አለሁ።»

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ደፉ ላይ ቢጫ ጆግ ተቀምጧል፣ አፉ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኗል። እትዬ ደግሞ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ውሃህን አምጥቼልሃለሁ። እንዴት አደርክ?»

«ደህና አደርኩ። አንቺስ?»

«እኔማ ይኼ ጉልበቴ... ተወው። ጠጣው እሺ? ባዶውን አውጣልኝ፣ እሞላልሃለሁ።»

ጠጥቶ ባዶውን አወጣ። ማታ ከሥራ ሲገባ እንደገና ተንኳኳ፣ እንደገና ጆግ፣ እንደገና «እንዴት ዋልክ?» በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ስለ ጉልበቷ ይሰማል፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ይሰማል፣ የጎረቤት ሴትዮ ዶሮዋን ማን እንደበላባት ይሰማል። ጆጉ ሙሉ ሆኖ ካደረ ግን እትዬ ከሩቅ አይታ «ገና ነው» ብላ ትመለሳለች። ይህን ሲያውቅ ጠጣ። ሳይጠማውም ጠጣ። ላውንደሪው ውስጥ ሙቀቱ ያስጠማዋል፣ ከቧንቧው ይጠጣል። ቤት ሲገባ ጆጉ ይጠብቀዋል፣ እሱንም እስከ ታች ያደርሰዋል። እትዬ ባዶውን ጆግ ስታነሳ ፊቷ ያበራል።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ የሚታከም ሰው!»

እንዲህ እያለ ሲሰነብት ራሱን ያመው ጀመር። ከዚያ አቅለሸለሸው። ባቱን ሰው ይዞ እንደሚጠመዝዘው ያጣምመዋል። ካውያ አንስቶ ለምን እንዳነሳው ይጠፋዋል፣ የለበሰውን ሹራብ ሲፈልግ ይውላል። ላውንደሪ ውስጥ የሴት ቀሚስ ከወንድ ሱሪ ጋር አጥፎ አንድ ላይ አሰረና ተቀባይዋ «ጋብቻ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። አልሳቀም። ስለገረመው ቆሞ አያት።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው በጓሮው በር ገባ። አጣቢዋ እጆቿን ሰቀለች።

«ኧረ ተኳሹ መጣ! አትግደለኝ ወንድሜ!»

ዓይኑ ከእጇ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ እጇ ተመላለሰ።

«ለምንድን ነው እጅሽን የሰቀልሽው?» አለ።

አጣቢዋ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ቀልዱ ቀርቶባት ሳይሆን አጠያየቁ አስፈርቷት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ። ስትሮጥ ብትገባ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ ካውያው ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ተኝቶ ይጨሳል። ካውያውን አንስታ እሱን ልታስነሳው ብትሞክር ጠረጴዛውን ተደግፎ አስመለሰው። ያወጣው ውሃ ብቻ ነው።

ለእህቱ ደወለችላት።

እትዬ በታክሲ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየችው፣ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ተነሳበት» አለች። «ወይኔ፣ ተነሳበት።»

ይህን ቃል ሲሰማ ከደነዘዘበት ነቃ። «ተነሳበት» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚወስድ ያውቃል። በውጭ በኩል የሚቆለፈው በር ታየው፣ መስኮት ላይ የተሰቀለው የሰው መጋረጃ ታየው። ምላሱ ከብዶት ነበር፣ ቢሆንም ተናገረ።

«እትዬ፣ እነሱ አይደሉም። እነሱ ዝም ብለዋል።»

አይደሉም ለማለት እነሱን ማንሳት ነበረበት። እሷ ደግሞ የሰማችው እነሱን ማንሳቱን ብቻ ነው።

«ሰማሽ?» አለቻት አጣቢዋን፣ እንባዋ እየወረደ። «ይኸው እነሱ እያለ ነው።»

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሰው ሞልቷል። እትዬ ካርድ ልታወጣ መስኮቱ ጋ ተሰለፈች። እሱን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው በሩ አጠገብ ተዉት። ዘበኛው ሰው እየለየ ያሳልፋል። ወጣት ሐኪም ቸኩሎ መጥቶ ጎንበስ አለና ጠየቀው።

«ሰማኸኝ? የት እንዳለህ ታውቃለህ?»

አሰበ። «ሰው ብዙ ነው» አለ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተኳሽ ነኝ።»

«ምን?»

«ተኳሽ። ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ነው የምውለው።» ትንሽ አረፈ። ሸሚዙ ትዝ አለው፣ ኀፍረቱም መጣ። «ዛሬ ግን አንዱን ጀርባው ላይ አቃጠልኩት። ነጭ ነበር። ምንም አላጠፋም።»

ወጣቱ ሐኪም ቀና አለ። ዘበኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣና ጓደኛውን ጠራ። ኪሱን ፈተሹ። ኪሱ ውስጥ ቁልፍና መሀረብ ነበር፣ መሀረቡ በአራት ማዕዘን ተተኩሶ። ከዚያ አልጋ ላይ አጋድመው እጁን በጨርቅ አሰሩት። ወሬው በኮሪደሩ ሄደ፤ «አንድ ተኳሽ ይዘዋል»፣ «ሰው ከጀርባ መቷል አሉ»፣ «ምስኪን ይመስላል እኮ!»፣ «እንደዚያ ያሉት ናቸው!» ልጇን ያቀፈች አንዲት ሴት ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ይህን አይቷል። ልጁን እንዳላስፈራ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ ካርዱን ይዛ ስትመለስ ወጣቱ ሐኪም ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ነበረበት?»

«አዎ ልጄ። ትልቁ ግቢ ተኝቶ ወጥቷል።»

«ሰው ላይ እጁን ያነሳል?»

እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች። «አያነሳም... አንድ ጊዜ፣ ድሮ፣ በርጩማ ወርውሮ... አልነካኝም።»

«መርፌ ይወጋና ይረጋጋል። ከዚያ ወደዚያው ብንልከው ይሻላል። ትስማሚያለሽ?»

እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። የወሬው ግማሽ እንደ ውሃ ውስጥ ድምፅ ነበር የሚደርሰው፣ ያቺን ጥያቄ ግን ጥርት አድርጎ ሰማት። እህቱን ጠበቃት። አይደለም ልትል ትችላለች፤ እስቲ እሱን እንጠይቀው ልትል ትችላለች።

«እሺ» አለች እትዬ።

ዓይኑን ጨፈነ። ነርሷ መርፌውን ልታዘጋጅ ሄደች።

የዕለቱ ዋና ሐኪም ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰው ከመታሰሩ በፊት ለምን እኔ አላየሁትም ብላ ተቆጥታ ነው የመጣችው። ወንበር ጎትታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ የእጁን ትርታ ያዘች።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ትልቁ ግቢ ከገባ ወዲህ እርስዎ ያለው ሐኪም አልነበረም። ሌላ ሰው መስሎት ጎኑን አየ።

«እርስዎን ነው። ተኳሽ ነዎት አሉኝ።»

«አዎ።»

«ምንድን ነው የሚተኩሱት?»

ማንም ይህን አልጠየቀውም ነበር። ግልጽ የሆነ ነገር ስለመሰለው መልሱን ለማግኘት ጊዜ ፈጀበት።

«ሸሚዝ» አለ። «ሱሪም። ሱሪ ግን ቀላል ነው።»

ከኋላ የቆመው ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች።

«ጀርባውን ያቃጠሉትስ?»

«ሸሚዙ ነው። ካውያውን ረሳሁት። እኔ ካውያ ረስቼ አላውቅም።»

«ድሮ የሚያናግሩዎት ሰዎች ነበሩ አሉ። አሁን መጥተዋል?»

ራሱን ከትራሱ ለማንሳት ሞከረ። «አልመጡም» አለ። «ለሁሉም እየነገርኩ ነው። ቢመጡማ አውቃቸው የለም? የቤቴ ሰዎች እኮ ናቸው። ይሄ ሌላ ነው። ራሴን ያመኛል። ያስመልሰኛል። ነገሩ ሁሉ ይጠፋብኛል።»

«ኪኒን የቀየሩልዎት በቅርቡ ነው?»

«በቅርቡ። አፍ ያደርቃል።»

ሐኪሟ ወደ እትዬ ዞረች። «ውሃ ይጠጣሉ?»

«በደንብ!» አለች እትዬ፣ በመጨረሻ ደህና ነገር የምትናገርበት ጥያቄ አግኝታ። «በዚህስ አልታማም። ጠዋት ጆግ ሞልቼ አስቀምጣለሁ፣ ማታም እሞላለሁ፣ ባዶውን ነው የማገኘው። ቀንም ሥራ ቦታ ይጠጣል።»

ሐኪሟ ብድግ አለች። «መርፌው ይቆይ» አለች ነርሷን። «መጀመሪያ ደም ቅጂልኝ። እጃቸውንም ፍቱልኝ።»

ውጤቱ ሲመጣ ከኮሪደሩ ጫፍ በፍጥነት እየተራመደች ተመለሰች። እንዲህም ብላ አስረዳቻቸው። በሰው ደም ውስጥ ጨው አለ፤ እሱ ሲወርድ አንጎል ያብጣል። ያን ጊዜ ራስ ይታመማል፣ ያስመልሳል፣ ሰው የሚያውቀው ሁሉ ይምታታበታል፣ ሲብስም አንዘፍዝፎ ይጥላል፣ ይገድላልም። አዲሱ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊቱ ውሃውን እንዳይለቅ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ውሃው በጣም በዛ። ጨዉ ቀጠነ።

«በአጭሩ ደምዎ አልጫ ሆኗል» አለች ወደ እሱ ጎንበስ ብላ።

«አልጫ ነህ ሲሉኝማ ቆይተዋል» አለ እሱ።

ሐኪሟ ሳቀች። እትዬ ግን አልሳቀችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኛ» አለች። «በገዛ እጄ። ውሃ እያጠጣሁ ልገድለው ነበር።»

«አይደለም እማማ። ውሃው ብቻውን ይህን አያደርግም፣ ኪኒኑም አለበት። እርስዎ ሊያውቁት አይችሉም።»

«እንግዲያው ጨው በማንኪያ አበላዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ!»

«እንዳያደርጉት! ጨው መጨመር ሳይሆን ውሃ መቀነስ ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚመለሰው፣ ቶሎ ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ስለዚህ እዚሁ ተኝተው ደማቸውን እያየን ነው። ኪኒኑንም እኛ እንቀይራለን። እርስዎ ግን» አለች ወደ እሱ፣ «በራስዎ እንዳያቋርጡት። እነዚያ ሰዎችዎ ይመጣሉ።»

«ገባኝ» አለ።

ትልቁ ግቢ ሳይሆን ተራ ክፍል፣ ሳል ካላቸውና እግራቸው ከተሰበረ ሰዎች ጋር አስተኙት። ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ተለክቶ ይሰጠዋል። ጥማቱ ከባድ ነበር። የቧንቧ ጠብታ ሲሰማ ዓይኑ ይዞራል። ቀን በቀን ግን ነገሩ ሁሉ ወደየቦታው ተመለሰ፤ መጀመሪያ የቀኑ ስም፣ ቀጥሎ ካውያው፣ ቀጥሎ የአጣቢዋ የተሰቀሉ እጆች። መልሱን አጥቶ እንዳያት ሲያስታውስ አንሶላውን ተከናነበ።

ዘበኛው አንድ ቀን ሊጠይቀው መጣ። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ተኳሹ... ይቅርታ። እኔ እኮ በጠመንጃ መስሎኝ ነው።»

«ምንም አይደል። ጀርባውን አቃጠልኩት ብዬህ ምን ታድርግ?»

«ነጭ ነበር ስትለኝ ደግሞ ጭራሽ!» ዘበኛው ሳቁን አፈነ። «የፈረንጅ ነፍስ ያጠፋህ መስሎኝ ነው!»

«የደንብ ልብስህን ስወጣ አምጣልኝ» አለው ተኳሹ። «ኮሌታው ከመሃል ነው የተተኮሰው።»

እትዬ በየቀኑ መጣች። ከአልጋው ግርጌ ትቆማለች እንጂ አትቀመጥም። ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ሌሎቹ በሽተኞች እንቅልፍ ሲወስዳቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ያን ሁሉ ውሃ ግን ጠምቶህ ነው?»

«ሁልጊዜ አልጠማኝም።»

«ታዲያ ለምን ትጠጣዋለህ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ጆጉ ባዶ ሲሆን ነዋ የምታንኳኪው» አለ።

እትዬ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ከዚያ «ይኼ ጉልበቴ» አለችና ወጣች።

ከሆስፒታል ወጥቶ ሥራ የገባ ዕለት አጣቢዋ በሩ ላይ ጠበቀችው። እጇን ለመስቀል ፈርታ ነበር። ግማሽ ድረስ አነሳችው።

«ዛሬም ጥይት ረሳሁ» አላት፣ እሷ ሳትናገር።

«አይ አንተ አልጫ!» ብላ ሳቀች፣ ሳቋም ከቀልዱ በላይ ረዘመ፣ በእርጥብ ክንዷ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ፣ ሄደች። እሱም ወደ ጠባቡ ክፍል ገባ። እሱ በሌለበት ሌላ ሰው ተክቶት ስለነበር ሸሚዞቹ ሁሉ ከመሃል ተተኩሰው ጠበቁት።

ቤት ግን ደፉ ላይ ጆግ የለም። እትዬ ቢጫውን ጆግ ቁምሳጥን ላይ ሰቅላዋለች፤ ሲያየው እንኳ እንዳይጠማው ብላ ነው። ምግቡን ታቀብለዋለች፣ «ውሃህን ለካህ?» ትለዋለች፣ ትሄዳለች። ጠዋት በሩ አይንኳኳም። እሱ ግን የማንኳኳቱ ሰዓት ሲደርስ አሁንም ይነቃል። ኪኒኑን ከተለካችው ብርጭቆ ላይ በአንድ ጉንጭ ይውጣል፣ የቀረውን ለቀኑ ያኖራል። ይህ ሦስተኛው ኪኒን ነው፤ ምን ይዞ እንደሚመጣ ገና አይታወቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጸጥታውን ያዳምጣል፣ እነዚያ ይመጡ እንደሆነ ብሎ። አልመጡም። ደስ አለው፤ ከአልጋው ግን አልተነሳም።

እንዲህ ሲሰነባብት በአንዱ የእረፍት ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

ሲከፍት እትዬ ቆማለች። ጆግ አልያዘችም። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ጣል አድርጋለች።

«እንዴት አደርክ? ይቺን ቀሚስ... ተጨማዳብኝ። ለቅሶ ቤት ልሄድ ነው። ትተኩስልኛለህ?»

ተቀበላት። ቀሚሷን ያውቃታል። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ራሱ ተኩሶ የሰጣት ናት፣ ከዚያ ወዲህም አልተለበሰችም፤ የእጅጌዋ መስመር እስካሁን አለ። ሆዷ ላይ ያለው መጨማደድ ግን ከአንድ ቦታ ይነሳና እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ይበተናል። ቀና ብሎ እህቱን አያት። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

«በጣም ተጨማዳለች» አለ።

«አይደል?»

«ጊዜ ትፈልጋለች። ካውያው እስኪሞቅ...» በርጩማውን አየ፣ ዓይኑን መለሰ። «ቁጭ በይ።»

እትዬም በርጩማውን አየችው። ከዚያ አንድ እግሯን አስገባች፣ እጇን ዘርግታ በርጩማውን ሳብ አደረገችና ደፉ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ አድርጋ አስቀመጠችው። ጀርባዋን ለእሱ፣ ፊቷን ለግቢው ሰጥታ ተቀመጠች።

«የዚያች ሴትዮ ዶሮ» አለች ወደ ግቢው እያየች፣ «የበላባት የገዛ ድመቷ ሆኖ ተገኘ አሉ።»

«እንዴ!»

«አዎ። ስንቱን ጎረቤት ስትረግም ከርማ!»

የአልጋውን ብርድ ልብስ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፣ ለቤት ያስቀመጠውን አሮጌ ካውያ ሰክቶ በጣቱ ጫፍ ሞከረው። ቀሚሷ አንድ ሸሚዝ የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አትፈጅም ነበር። እሱ ግን ኮሌታዋን ዘረጋና ከጫፍ ጀመረ።